እባካችሁ፣ ፊልተሩን በበረኪና አትጠቡት

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ያላችሁ ጠጋ በሉ፣ ድምፄ ሩቅ አይሄድም።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ ለትንሽ የዓሣ ገንዳ ፊልተርና የወለል አሸዋ እንዴት እንደሚመረጥ ነው። ሁለቱንም እነካለሁ። ግን ፊልተሩ ላይ መቆየቴ አይቀርም፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ። «ዓሣዎቼ አለቁብኝ» ብላችሁ የምትደውሉልኝ ሰዎች አብዛኞቻችሁ እዚሁ ተቀምጣችኋል። ስም አልጠራም፣ አትደንግጡ። ነገሩ ሲጣራ ግን ዞሮ ዞሮ ፊልተሩ ጋ ነው የሚደርሰው።

ብዙ ሰው ፊልተር ቆሻሻ ብቻ የሚለቅም ይመስለዋል። እሱ ትንሹ ሥራው ነው። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ደግሞ ዓሣ ይገድላል። የፊልተሩ ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። እሱም መርዝ ነው። ሌሎቹ ተቀብለው ናይትሬት ያደርጉታል፤ ናይትሬት ካልተጠራቀመ ብዙም አይጎዳም፣ በየሳምንቱ ሩብ ያህል ውሃ ስትቀይሩ ይቀንሳል፣ ተክል ካላችሁም ይመገበዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች አዲስ ገንዳ ውስጥ በደንብ እስኪባዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃሉ። በአዲስ አበባ ብርድ፣ ማሞቂያ ከሌለ፣ ከዚያም ያልፋል።

አሁን አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ሰፈራችን ያሉ አንዲት እናት አሉ። ውጭ አገር ያለው ልጃቸው ብር ልኮ 60 ሊትር ገንዳ ተገዛላቸው፤ ጉፒ የሚባሉ ትንንሽ ዓሣዎች ገቡበት፣ ጉፒዎቹም ወለዱ፣ ቡና በተፈላ ቁጥር ወሬው እሱ ብቻ ሆነ። ፋሲካ ደረሰ። የፋሲካን ጽዳት ታውቁታላችሁ፤ መጋረጃ ይወርዳል፣ ምንጣፍ ይወጣል፣ ብርጭቆ ሁሉ ከቁም ሳጥን ወጥቶ ይታጠባል። ገንዳውስ ለምን ይቅር? ፊልተሩ ተፈታ። ስፖንጁ በበረኪና ተፈተገ፣ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተሰጣ፣ ጠጠሩ በሙቅ ውሃ ታጠበ፣ ውሃው ሙሉ በሙሉ ተደፍቶ ከቧንቧ በቀጥታ አዲስ ተሞላ። ሲያምር! እንግዶቹ ሁሉ አደነቁ። ከዚያ ዓሣዎቹ ውሃው አናት ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር፤ እሳቸውም ደውለው «ልጄ፣ እነዚህ ነገሮች ርቧቸው ይሆን?» ብለው ምግብ ጨመሩላቸው። ሁዳዴን ሙሉ ማንም ያልነካቸው ዓሣዎች፣ ጾም በተፈታ ሳምንት አለቁ።

እሳቸውን አልወቅስም። ማን ነገራቸው? የሸጠላቸው ሰው ገንዳውን፣ ፊልተሩንና ዓሣውን በአንድ ቀን በአንድ ታክሲ ጭኖ ነው የላከላቸው። ስለ ባክቴሪያ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሁሉም ሲያልቅባቸው ምን አላቸው? «ዓሣ ሟች ነው እትዬ፣ ሌላ ይውሰዱ።» ሌላ ይውሰዱ! እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ የሚሸጥ ሰው ካለ በደንብ ይስማኝ፤ ደንበኛህ ደጋግሞ የሚመጣው ወዶህ እንዳይመስልህ፣ ዓሣው ስለሞተበት ነው!

ያ ፊልተር ውስጥ የሚገባው፣ በየወሩ ጥላችሁ ሌላ ግዙ የምትባሉት የካርቦን ከረጢትም አለላችሁ። ባክቴሪያው አብሮ ነው የሚጣለው። ካርቦን መድኃኒት ወይም ቀለም ከውሃ ለማውጣት ይጠቅማል፤ ለዘወትር ግን አያስፈልግም። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ቡሃቃውን በበረኪና አጥቦ፣ እርሾውን ደፍቶ፣ ነገ ሊጡ ኩፍ እንዲልለት የሚጠብቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስፖንጁ ሲደፈን ውሃ ስትቀይሩ ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት። በቃ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፣ እሱም ባክቴሪያውን ይገድላል።

የቱን እንግዛ ላላችሁኝ፣ ከ20 እስከ 60 ሊትር ለሆነ ገንዳ በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር ይበቃል። ርካሽ ነው፣ የዓሣ ጫጩት አይመጥም፣ ለጉፒና ቤታ ለሚባለው ዓሣ ውሃውን አያናውጥም። ትልቁ ምክንያቴ ግን መብራት ነው። ያ ካኒስተር የሚባለው ዝግ ፊልተር፣ መብራት ለሰዓታት ሲጠፋ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ያልቃል፣ ባክቴሪያው ታፍኖ ይሞታል፣ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ የሸተተውን ውሃ ገንዳው ላይ ይገለብጠዋል። ስፖንጁ ገንዳው ውስጥ ስለሆነ ቶሎ አይታፈንም። አንድ ማሳሰቢያ፦ የአየር ፓምፑን ከውሃው ከፍታ በላይ አስቀምጡት፣ ወይም ቱቦው ላይ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን ቼክ ቫልቭ ግጠሙ። አለበለዚያ መብራት ሲሄድ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑን ያበላሸዋል፣ ወለላችሁንም ያጥለቀልቃል።

ከውጭ የሚመጣውን ውድ የሴራሚክ ቀለበት ደግሞ ተዉት። በቢሾፍቱ አካባቢ እየተቆፈረ ለመንገድና ለብሎኬት የሚሄደው ቀይ አሽ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ባክቴሪያ የሚፈልገውም ቀዳዳውን ነው። ቀዩ አቧራ እስኪለቅ ድረስ እጠቡት፣ ፊልተሩ ውስጥ ቦታ ካለ ጨምሩት። እግራችን ሥር ያለውን ረግጠን በዶላር የምንገዛው ለምንድነው?

ወደ ወለሉ ልምጣ፣ ሰዓቴ አልቋል እያሉኝ ነው። የወንዝ አሸዋ ወይም 2 እና 3 ሚሊ ሜትር ጠጠር ይበቃችኋል። ውሃው ጥርት እስኪል እጠቡት። ትልልቅ ጠጠር ምግብ በመሃሉ ሰርጎ ይበሰብሳል። ኮሪዶራስ የሚባለው ወለል ላይ ምግቡን የሚለቅም ዓሣ ካላችሁ ሹል ነገር አታንጥፉ፣ አፋቸው አካባቢ ያሉትን ጢሞች ያቆስላል፤ ቀይ አሹም ወለል ላይ ለእነሱ አይሆንም። ሥር የሚሰድ ተክል ካላችሁ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከሌላችሁ ከዚያ ያነሰ። ነጭ ድንጋይ ከመጨመራችሁ በፊት ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ የውሃውን ፒኤች (የአሲድና የአልካሊ መለኪያውን) ከፍ ያደርጋል፣ ፒኤች ከፍ ሲል ደግሞ አሞኒያው የበለጠ መርዛማ ይሆናል። የእብነ በረድ ስብርባሪ የምታነጥፉ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ባለ ቀለሙን ጠጠር ልጆች ስለሚወዱት አልከራከርም።

በር ላይ ባለው ባልዲ ውስጥ ከቤቴ ገንዳ የወጡ የቆዩ ስፖንጆች አሉ፣ ቆራርጫቸዋለሁ። አዲስ ገንዳ የምትጀምሩ ሰዎች አንድ አንድ ቁራጭ በገንዳው ውሃ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ እንዳይደርቅ፤ ዛሬውኑ ከፊልተራችሁ ጎን አስገቡት፣ ሳምንታቱን ያሳጥርላችኋል። ሌሎቻችሁ ግን እንዳትሻሙ፣ ለሁሉም አይበቃም። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።