«ፍሪ ቪዛ» አለኝ ቢልሽ፦ ስለ ውጭ አገር ሥራ ከጅማ አድማጮች ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ሳምንት የስልክ መስመሩን የያዘው አንድ ጉዳይ ነው፦ መሄድ። ከከተማም፣ ከአጋሮም፣ ከሰቃም የደወለው ሁሉ ስለ ቪዛ ጠየቀ። በአየር ላይ ሰዓቱ አልበቃንም። እዚያ ያሳጠርኳቸውን መልሶች እዚህ ዘርዘር አድርጌ ጽፌያለሁ። የጠያቂዎቹን ስም ትቼዋለሁ።

«ጊንጆ ነው የምኖረው። ሳዑዲ ለመሄድ ኤጀንሲ ጋ ተመዝግቤያለሁ፤ ግን ቆየብኝ። አንድ ሰው ‹ፍሪ ቪዛ አለኝ፤ በሁለት ሳምንት ትገቢያለሽ፤ ማንም ቤት አትታሰሪም፤ ሥራሽን ራስሽ ትመርጫለሽ› ብሎኛል። 150 ሺህ ብር ነው የጠየቀኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህቴ፣ ብሩን አትስጪ።

ሳዑዲ ውስጥ «ፍሪ ቪዛ» የሚባል የቪዛ ዓይነት የለም። ስሙን ያወጡለት ደላሎች ናቸው። ከጀርባው ያለው ነገር እንዲህ ነው። አንድ ከፊል፣ ማለትም ስፖንሰር የሚሆን የአገሩ አሠሪ፣ በስሙ ቪዛ ያወጣና ይሸጠዋል። አንቺ ስትገቢ ኢቃማሽ (የመኖሪያ ፈቃድሽ) በእሱ ስም ይሆናል፤ የምትሠሪው ግን ሌላ ሰው ቤት ነው። ይህ በዚያ አገር ሕግ ጥፋት ነው። ጥፋተኛ የምትባዪው ደግሞ በቅድሚያ አንቺ ነሽ። ኢቃማው በታደሰ ቁጥር ከፊሉ ገንዘብ ይጠይቅሻል። አልከፍልም ካልሽ «ጠፍታብኛለች» ብሎ ሁሩብ፣ ማለትም ከአሠሪ የጠፉ ሠራተኞች መዝገብ ውስጥ፣ ያስገባሻል። ከዚያ በኋላ ደመወዝሽን ቢከለክሉሽ እንኳ ለመክሰስ ፖሊስ ጣቢያ መግባት ያስፈራሻል። «ማንም ቤት አትታሰሪም» ያለሽ ሰው ይህን አልነገረሽም።

አሁን ወደ ኤጀንሲው ልምጣ። መቆየቱ ያበሳጫል፤ አውቃለሁ። ፓስፖርት አለ፣ ምርመራ አለ፣ ሥልጠና አለ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) አለ፣ ውል ማጸደቅ አለ። አንዱ ሲዘገይ ሌላው ይቆማል። ፓስፖርቱን በተመለከተ ኢሚግሬሽን ጅማ ላይ ቅርንጫፍ ስላለው «አዲስ አበባ ካልሄድሽ አይሆንም» የሚልሽን አትስሚ።

ወጪውን ማን እንደሚችል የሚወስነው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ ነው። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድ እና ኢንሹራንስ የአሠሪው ዕዳ ናቸው። አንቺ የምትችዪው ፓስፖርትሽን፣ የልደት ማስረጃሽን፣ ከወንጀል ነፃ ማስረጃሽን፣ የሕክምና ምርመራሽንና የመሳሰሉትን ብቻ ነው። ኤጀንሲው ከአንቺ የአገልግሎት ክፍያ መቀበል አይችልም። «ፕሮሰስ ማፋጠኛ» ብሎ ከጠየቀሽ «ደረሰኝ ስጠኝ» በይው። ብዙውን ጊዜ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል።

ውሉ ሲመጣ ቶሎ ፈርመሽ አትውጪ። ቁጭ ብለሽ እዪው። ስምሽ በፓስፖርትሽ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰላል? ደመወዙ በሪያል በቁጥር ተጽፏል ወይስ «በስምምነት» ነው የሚለው? የአሠሪው ሙሉ ስም፣ ከተማውና ስልኩ አለ? የዕረፍት ቀን፣ የመመለሻ ትኬትና የውሉ ዘመን ተጠቅሷል? የሳዑዲ የቤት ሠራተኛ ውል «ሙሳነድ» በሚባለው የመንግሥት ሥርዓት ላይ ይመዘገባል፤ ያንቺም እዚያ መኖሩን ጠይቂ። ከዚያ እያንዳንዱን ገጽ በስልክ አንሺና እናትሽ ወይም እህትሽ ጋ አስቀምጪ። ያንቺ ስልክ እዚያ ስትደርሺ ሊወሰድብሽ ይችላል፤ ጅማ ያለውን ፎቶ ግን ማንም አይወስደውም።

በአሁኑ የሳዑዲ ደንብ የቤት ሠራተኛ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ መሥራት የለባትም። በሳምንት 24 ሰዓት ያልተቆራረጠ ዕረፍት አላት። አሠሪ ፓስፖርቷን መያዝ አይችልም። ማዳሟ ይህን ሁሉ ትፈጽማለች እያልኩሽ አይደለም። ብዙ ቤት አይፈጸምም። ግን በሕጋዊ መንገድ ከሄድሽ እዚህ የሚጠየቅ አካል አለ፤ አዋጁ ኤጀንሲውን ከአሠሪው ጋር በአንድነት ተጠያቂ ያደርገዋል። ደመወዝሽ ቢቀር ቤተሰብሽ ኤጀንሲውን ሊከስ ይችላል። የፍሪ ቪዛው ሰውዬ ግን በማግስቱ ሲም ካርዱን ቀይሮ ታገኚዋለሽ።

«ከዴዶ ነው። ልጄ 16 ዓመቷ ነው። መታወቂያ ላይ 21 ብለን እናስወጣላታለን የሚሉ አሉ። ይቻላል ወይ?»

አይቻልም፣ እናቴ። ሕጉ 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው ለሥራ ወደ ውጭ መላክ ይከለክላል። ሐሰተኛ ሰነድ ማውጣትም ወንጀል ነው። ሌላም ነገር ያስቡበት። እዚያ አንድ ነገር ቢደርስባት የምትፈለገው በዚያ በተሳሳተ ዕድሜ፣ አንዳንዴም በተሳሳተ ስም ነው። ኤምባሲ ሄደው «ልጄ» ሲሉ ወረቀቱ «የእርስዎ ልጅ አይደለችም» ይልዎታል። እባክዎ አይፍቀዱ።

«አጋሮ ነኝ። ኮምፒውተር ተምሬያለሁ። ቴሌግራም ላይ ታይላንድ የ‹ከስተመር ሰርቪስ› ሥራ አገኘሁ። ትኬቱን እነሱ ይከፍላሉ፤ ደመወዙም በዶላር ነው። አባቴ ከቡናው ሽያጭ ለመንገድ ሊሰጠኝ ነው። ልሂድ?»

አትሂድ ወንድሜ። ይህን ጥያቄ ስሰማ ነው የደነገጥኩት።

መንገዱ የታወቀ ነው። ባንኮክ አየር ማረፊያ መኪና ይጠብቅሃል። ወደ ሆቴል የምትሄድ ይመስልሃል። መኪናው ግን ለሰዓታት ወደ ምዕራብ ይነዳና ሜ ሶት የምትባል የጠረፍ ከተማ ያደርስሃል። ከዚያ ሞይ የሚባለውን ወንዝ በጀልባ ያሻግሩሃል። ማዶው ምያንማር ነው፤ ሚያዋዲ ይባላል። እዚያ በግንብ የታጠረ፣ የታጠቀ ዘበኛ ያለበት ግቢ ውስጥ ትገባለህ። ፓስፖርትህን ይቀበሉሃል። «ከስተመር ሰርቪስ» የተባለው ሥራ በውሸት ፎቶ ሰው ማፍቀርና በክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) ስም ገንዘቡን መብላት ነው። የቀኑን ኮታ ያልሞላ ይገረፋል። መውጣት የፈለገ ቤተሰቡ በዶላር እንዲከፍል ይጠየቃል።

ይህ ወሬ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የካቲት አካባቢ ከእነዚህ ግቢዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲለቀቁ ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። አብዛኞቹ እንዳንተ የተማሩ፣ እንግሊዝኛ የሚችሉ ወጣቶች ናቸው። የሚፈለገውም እሱ ነው።

እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት አያስቸግርም። ታይላንድ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ የውጭ ዜጋ ከመነሳቱ በፊት የሥራ ቪዛ ያወጣል፤ «ኖን ኢሚግራንት ቢ» ይባላል። ከዚያ የሥራ ፈቃድ አለ። በጎብኚ ቪዛ «ግባ፤ እዚህ እናስተካክለዋለን» ያለህ ሰው ገና ከመጀመሪያው ዋሽቶሃል። ለአባትህም ቡናቸው እንዲቆይላቸው ንገርልኝ።

«ከዓመታት በፊት ቲቢ ታምሜ መድኃኒቴን ጨርሼ ድኛለሁ። ጋምካ ላይ አንፊት ያደርገኛል ይሉኛል። እውነት ነው?»

አንፊት፣ ማለትም «ለጉዞ ብቁ አይደለህም»፣ ሊያደርግህ ይችላል። ጋምካ የምትሉት ለባሕረ ሰላጤው አገራት የሚደረገው ምርመራ የደረት ራጅ አለው። የድሮ ቲቢ ሳንባ ላይ ጠባሳ ትቶ ከሆነ፣ አሁን ጤነኛ ብትሆንም ሊጥሉህ ይችላሉ። ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ለሴቶች ደግሞ እርግዝና ይታያል። ፍትሐዊ ነው ብዬ አልከራከርልህም። ግን ለሥልጠናም ለምንም ብር ከማውጣትህ በፊት እዚሁ ጅማ ራጅ ተነሳ፤ ደምህንም ተመርመር። ሄፓታይተስ ከተገኘብህ ጉዳዩ ከጉዞ በላይ ስለሆነ ክትትል ጀምር። «አንፊቱን ፊት አደርግልሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠመህ ግን ራቀው፤ እዚያ ስትደርስ ድጋሚ ትመረመራለህ፤ ከወደቅህ መልሰው ይልኩሃል።

«ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በነርሲንግ ተመርቄ የሦስት ዓመት ልምድ አለኝ። ጀርመን ነርስ ትፈልጋለች ይባላል። ‹የጀርመን መንግሥት ከኢትዮጵያ ነርስ እየመለመለ ነው› የሚል ማስታወቂያም አይቻለሁ። ከየት ልጀምር?»

ጀርመን ነርስ መፈለጓ እውነት ነው። ማስታወቂያውን ግን አትመኚው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. የጤና ባለሙያ እጥረታቸው የከፋ 55 አገራትን ዝርዝር አውጥቷል፤ ኢትዮጵያ አለችበት። ጀርመን ከእነዚህ አገራት በዘመቻ መመልመልን ትከለክላለች። አንቺ በራስሽ ተነሳሽነት ብታመለክቺ ግን የሚከለክልሽ የለም። ስለዚህ «ምልመላ ነው፤ መመዝገቢያ ክፈዪ» የሚል ካገኘሽ ዝለዪው።

የምትጀምሪው ከቋንቋ ነው። ዲግሪሽ አይደለም የሚያስቸግረው፤ ጀርመንኛው ነው። ለነርስነት ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ ቢ2 የሚባለው ከመካከለኛ ከፍ ያለ የቋንቋ ደረጃ ይጠየቃል። ከዜሮ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ በትጋት ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል። ሥራ ላይ ሆነሽ፣ የማታ ተረኛ ሆነሽ ከሆነ ደግሞ ጨምሪበት። አዲስ አበባ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት ፈተናውን ይሰጣል።

ሁለተኛው ሙያሽን ማስመዘን ነው። አነርኬኑንግ ይሉታል። ጀርመን 16 ክፍላተ ግዛት አሏት፤ ልትሠሪበት ባሰብሽው ግዛት ላለው መሥሪያ ቤት ነው የምታመለክቺው። ዲግሪና ትራንስክሪፕት ብቻ አይበቃም። እያንዳንዱን ኮርስና የተግባር ልምምድ ስንት ሰዓት እንደወሰድሽ የሚያሳይ ወረቀት ይፈልጋሉ። ብዙ ሰው የሚንገላታው እዚህ ላይ ነው። ከጅማ ሳትርቂ፣ ሬጅስትራርም ትምህርት ክፍሉም በእግርሽ በምትደርሺበት ጊዜ አውጪው።

ብዙውን ጊዜ «ይህን ያህል ይጎድልሻል» የሚል መልስ ይመጣል። አትደንግጪ፤ አልተባረርሽም ማለት ነው። የማሟያ ልምምድ ትሠሪያለሽ ወይም ፈተና ትወስጃለሽ። እስከዚያው በረዳትነት ተቀጥረሽ ደመወዝ ማግኘት ይቻላል።

«የጅማ ልጅ ነኝ፤ ጂዳ ነው የምኖረው። ለዓመታት በሐዋላ ብር እየላክሁ ወንድሜ ቤት ሠርቷል። ካርታው በሱ ስም ነው። አሁን ሊያገባ ነው። ቤቱ የእኔ እንደሆነ ሁሉም ሰው ያውቃል። ችግር አለው?» *(በድምፅ መልእክት የተላከ)*

አለው፣ እህቴ። ሰው ማወቁ ፍርድ ቤት ላይ ብዙ አያስኬድም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1195 መሠረት የባለቤትነት ደብተር ላይ ስሙ ያለው ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል። ያንን ማፍረስ ከባድ ነው። ከባንክ ውጭ በሐዋላ የላክሽው ብር ደግሞ ወረቀት የለውም። ነገ ሚስቲቱ «የባሌ ቤት» ብትል ውሸት ነው ለማለት የምታሳዪው ነገር የለሽም።

ወንድምሽ ክፉ ነው አላልኩም። ልክ ደግ ስለሆነ ነው አሁን መነጋገር ያለብሽ። ከሠርጉ በፊት ንብረቱን በስጦታ ወይም በሽያጭ በሕጋዊ መንገድ ወደ ስምሽ ያዙርልሽ። ወጪ አለው፤ ይሁን። የሚፈርምልሽ ሰው ካስፈለገሽ ውክልናውን ጂዳ ባለው ቆንስላ አዘጋጂ፤ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል። ውክልናውን ስታጽፊ ተጠንቀቂ። በሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ለመሸጥ ለመለወጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ «ይግዛልኝ፤ በስሜ ያስመዝግብልኝ» የሚለው ቃል በቃል ይጻፍ። «ይሽጥ» የሚለውን ካልፈለግሽ አታስገቢው። ጸሐፊዎች በልማድ ይጨምሩታልና ከመፈረምሽ በፊት እስከ መጨረሻው መስመር አንብቢው።

ከእንግዲህ የምትልኪውን በባንክ፣ በራስሽ ስም በተከፈተ ሂሳብ አድርጊው። ለቤተሰብ ወጪ የሚሆነውን ለወንድምሽ ለይተሽ ላኪ። እስካሁን በዋትስአፕ ስለ ቤቱ የተጻጻፋችሁትንም አትሰርዢ።