ብርሃን መውጫ ሲያጣ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለኝን ነገር ላውራችሁ።

እኔ መቼም ነገር ሁሉ ተስተካክሎ ሲደረደር ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። ኤልኢዲ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በክሪስታል ውስጥ ወደ ብርሃን የሚቀይረው መብራት፣ የሚያበራው ከላይ እስከ ታች ልቅም ያለ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። ክሪስታሉ፣ አዎ፣ ንጹሕ መሆን አለበት። ጣጣው የሚጀምረው ብርሃኑ ከተፈጠረ በኋላ ነው።

ከኤልኢዲ ክሪስታሎች አንዱን፣ ጋሊየም አርሰናይድን እንይ። ብርሃንን ከአየር በ3.5 እጥፍ ገደማ ያዘገያል። በዚህ ምክንያት ገጹ ላይ የደረሰ ጨረር ከቀጥታው ከ17 ዲግሪ በላይ ካዘነበለ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በአንድ ልሙጥ ገጽ በኩል የሚያመልጠው 2 በመቶ ገደማ ነው። ሁለት! ገጹ ልሙጥ ስለሆነም የተመለሰው ጨረር በዚያው ማዕዘን ይመላለሳል፤ መቶ ጊዜ ቢሞክር ያው ነው። በመጨረሻ ቁሱ ውጦ ሙቀት ያደርገዋል።

በ1993 የፊዚክስ ሊቁ ኢላይ ያብሎኖቪች ያለበት ቡድን ደቃቅ የፕላስቲክ ሉሎችን ገጹ ላይ እንደ ዘር በትኖ፣ ሉሎቹ ያልሸፈኑትን ፈለፈለው። ገጹ ሻካራ ሆነ። ጨረሩ በነጠረ ቁጥር ማዕዘኑ ይቀየራል፤ አንዱ ባይሳካ ሌላው ይሳካል። ብርሃን የሚያመነጨውን ስስ ንብርብር ከተሠራበት መሠረት ከማላቀቅ ጋር ተደምሮ ውጤታማነቱ 30 በመቶ ደረሰ።

የሚገርመኝ ሰውየው ነው። በ1987 ብርሃን እንዳይመነጭ የሚከለክል፣ ፍጹም ሥርዓት ያለው መዋቅር ያቀረበው እሱ ራሱ ነበር። ለመከልከል ሥርዓትን መረጠ፣ ለመልቀቅ ደግሞ ዝብርቅርቅን።

ከዚያ የባሰ አለ። ሌዘር ሲባል ብርሃኑን እያመላለሱ የሚያጠናክሩ ትይዩ መስተዋቶች ይታሰቡናል። የሶቪየቱ የፊዚክስ ሊቅ ሌቶኾቭ ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ብርሃን በብዙ ቅንጣቶች መካከል እየተላተመ ከቆየ መስተዋት ላያስፈልግ እንደሚችል አስልቶ ነበር። በ1994 ተመራማሪው ናቢል ላዋንዲና ባልደረቦቹ ሮዳሚን የተባለ ማቅለሚያ በሜታኖል አሟሙተው፣ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ናኖ ቅንጣቶች ጨመሩበት፤ ነጭ ቀለምን ነጭ የሚያደርገው ያው ዱቄት ማለት ነው። በሌዘር ምት ሲመቱት፣ ከፈሳሹ የሚወጣው ብርሃን የተንዘረጋ ቀለሙ ተሰብስቦ እንደ ሌዘር ጠበበ።

በእርግጥ መበተን ብቻውን አይበቃም። ብርሃን የሚውጥ ቅንጣት ካስገባችሁ፣ የቆይታው መርዘም ኪሳራ ነው። የቅንጣቱ መጠንም ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት እጅግ ካነሰ ብዙም አይበትነውም።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ይኼ ነው፦ ቅንጣቶቹ ፈሳሹ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ፤ ስለዚህ አቀማመጣቸው ከምት ምት ይለያያል። ብርሃኑ ግን በየምቱ ያንኑ ጠባብ ቀለም ይዞ ይወጣል።

በሉ፣ ደህና ሁኑ።