ዴቪድ ብሮንስታይን እና 45 ደቂቃው

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የክበባችን ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማወራላችሁ የቼዝ የዓለም ሻምፒዮን ስላልሆነ አንድ የቼዝ ተጫዋች ነው። ዴቪድ ብሮንስታይን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1924 ዩክሬን ውስጥ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ የሶቪየት መንግሥት አባቱን አሰረበት።

በ1951 ሞስኮ ላይ ከሻምፒዮኑ ከሚካኢል ቦትቪኒክ ጋር 24 ጨዋታ ገጠመ። ስድስተኛው ላይ ሰሌዳው ሊራቆት ምንም አልቀረውም። አቻ ማለቁ ነው። ብሮንስታይን 45 ደቂቃ ሙሉ አሰበ። ከዚያ በፈረሱ ቼክ ማለት፣ ማለትም የቦትቪኒክን ንጉሥ ማስፈራራት ሲገባው፣ የራሱን ንጉሥ አንድ ቤት ፈቀቅ አደረገ። በቃ፣ ጨዋታው ሄደ። ቦትቪኒክ መልሱን ሲጫወት ብሮንስታይን እጅ ሰጠ።

ግጥሚያው 12 ለ 12 አለቀ። በሕጉ ደግሞ እኩል ከወጡ ዘውዱ ከሻምፒዮኑ ጋር ይቀራል። ያቺን አንዲት እርምጃ ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እኔ ግን የምወደው ደራሲውን ነው። በ1953 ዙሪክ ላይ በተደረገ ውድድር 15 ተጫዋቾች 210 ጨዋታ ተጫወቱ። እሱም ከመካከላቸው ነበር፤ ከሌሎች ሁለት ጋር ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ ተቀምጦ ሁሉንም ጨዋታዎች በመጽሐፍ ተነተነ። ገጹን በቁጥርና በፊደል አላጨናነቀውም። ተጫዋቹ ምን ፈልጎ እንደነበር፣ ምን እንዳስፈራው ይነግርሃል። ለምሳሌ ጥቁር ቤቶችህ ከደከሙ፣ ነጭ ቤት ላይ የቆሙት ጠጠሮችህም አብረው ይደክማሉ ይላል። ይህን ሳነብ ሰሌዳዬን እንደ አዲስ አየሁት። ስንት ጊዜ እንደዚያ ተሸንፌያለሁ! ለምን እንደሆነ ግን የነገረኝ አልነበረም።

በ1976 የቼዝ ተጫዋቹ ቪክቶር ኮርችኖይ ከሶቪየት ኅብረት ሲኮበልል፣ ብዙ ታላላቅ ተጫዋቾች የውግዘት ደብዳቤ ፈረሙ። ብሮንስታይን አልፈርምም አለ። ለዓመታት ውጭ ሀገር ሄዶ እንዳይወዳደር ተከለከለ። ለእኔ ይህ ከዘውድ ይበልጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። በየእርምጃው ጥቂት ሰከንድ የሚታገስ የቼዝ ሰዓት አለ አይደል? እሱም በስሙ ይጠራል፤ ሐሳቡ የእሱ ነው። በ2006 ሚንስክ ውስጥ አረፈ።

ልጆች፣ ያ ስድስተኛ ጨዋታ እዚህ ሰሌዳ ላይ ተደርድሯል። ተራው የነጭ፣ ማለትም የብሮንስታይን ነው። ጠጋ በሉና ፈረሱ የት መሄድ እንደነበረበት ፈልጉልኝ። ጊዜ አለን።