ከቤታችን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ያለው ተራራ

(በኦሮራ፣ ኮሎራዶ በእንቁጣጣሽ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በሹፍርና ነው። ስምንት ዓመት ከዴንቨር ኤርፖርት ወደ ተራሮቹ መንገደኛ አመላልሻለሁ። ዊንተር ላይ የበረዶ መንሸራተቻ እጭናለሁ። ሰመር ላይ ብስክሌት። የሰውን ብስክሌት በጥንቃቄ አውርጄ፣ ሻንጣውን አስረክቤ፣ ዞሬ እመለሳለሁ። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን መኪናዬን አቁሜ ወደ ጫካው አልገባሁም። ቦታው የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። ማንም አትግባ አላለኝም። ራሴ ነኝ ያልገባሁት።

ሌድቪል የምትባለው የተራራ ከተማ ከዚህ አዳራሽ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ናት። በአይ ሰባ አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ትነዳላችሁ፤ የአይዘንሃወርን ዋሻ ታልፋላችሁ፤ ኮፐር ማውንቴን ስትደርሱ ወደ ደቡብ ትታጠፋላችሁ። ፍሪሞንት ፓስ ላይ ጎኑ የተገመሰ ተራራ ይታያል። ክላይማክስ የሚባለው የማዕድን ማውጫ ነው። የሚወጣው ሞሊብዲነም ይባላል፤ ብረት ያጠነክራል። እ.ኤ.አ. በ1982 ሥራው ሲቆም ከ3,000 በላይ ሠራተኛ ተበተነ። ኬን ክሉበር የሚባል የማዕድን ሠራተኛ በዓመቱ፣ በ1983፣ ሌድቪል ላይ የ100 ማይል የእግር ሩጫ ውድድር አስጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሊሮጥ የመጣ ሰው ያድራል፤ ያደረ ሰው ይበላል፤ ከተማዋም ትተርፋለች። የተራራ ብስክሌቱ ውድድር በ1994 ተጨመረ። ማዕድኑ በ2012 እንደገና ተከፍቷል፤ ውድድሩ ግን ቀጠለ።

ይህን ታሪክ የነገሩኝ አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ናቸው። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ነው ያደግሁት። ፋብሪካ ለአንድ ከተማ ምን እንደሆነ ማንም አያስረዳኝም። ታሪኩ ውስጤ ቀረ።

ልጅ ሆኜ ብስክሌት የነዳሁት በኪራይ ነው። ሳንቲም አዋጥተን፣ አንዷን ብስክሌት ለሦስት ተካፍለን። ሰዓታችን ሲያልቅ ባለቤቱ ከሩቅ ይጣራል፤ እኛ እንዳልሰማ አንድ ዙር እንጨምራለን። በ44 ዓመቴ ያገለገለ ማውንቴን ብስክሌት ስገዛ መጀመሪያ የመጣብኝ የዚያ ሰውዬ ድምፅ ነው። አሁን የሚጣራ የለም። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ነዳሁ።

ስለ ብስክሌቱ ውድድር ልንገራችሁ። ወደ 160 ኪሎ ሜትር ነው። ግማሹን ትሄዳለህ፤ በዚያው መንገድ ትመለሳለህ። ዳገቱ ሲደመር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከተማዋ ራሷ 3,094 ሜትር ላይ ናት፤ ከደብረ ብርሃን ትበልጣለች። መዞሪያው ኮለምባይን ይባላል፤ ወደ 3,800 ሜትር ይጠጋል። እዚያ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛ ቢሆን ነው። «አንተ ሐበሻ ነህ፣ ከፍታ ምንህ ነው» ይሉኛል። እኔ ግን እዚህ 17 ዓመት ኖሬያለሁ። ሰውነት ይለምዳል፤ ይረሳልም። ያለ ልምምድ አገር አያድንም።

የሚነሳው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። በ12 ሰዓት ውስጥ የጨረሰ ሰው የብር ዘለበት ይሸለማል። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ተኩል ተነስተህ ከምሽቱ 12 ተኩል በፊት መግባት አለብህ። ይህን በእኛ ሰዓት ሳስበው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ልክ አንድ ሙሉ ቀን ነው።

መጀመሪያ በሞከርኩበት ዓመት አልጨረስኩም። ሰዎች የሚበሉትን አይቼ በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠውን ጣፋጭ ዝልግልግ ነገር ገዛሁ። ሆዴ አልተቀበለውም። ኮለምባይን ላይ አስመለሰኝ። ስመለስ የሰዓት ገደቡ አለፈብኝ። አንዲት አስተናጋጅ ትከሻዬን ይዛ «ለዛሬ እዚህ ላይ ይበቃል» አለችኝ። በመኪና ሲመልሱኝ ማንንም ማየት አልቻልኩም። ያን ቀን አለቀስኩ። ስለ ዘለበቱ አይደለም። ከ1,000 በላይ ሰው መሃል በአማርኛ «አይዞህ» የሚለኝ አንድ ሰው አለመኖሩ ነው የከበደኝ።

በሁለተኛው ዓመት እናቴ ከደብረ ብርሃን በሰው እጅ በሶ ላከችልኝ።

እናቶች፣ እዚህ ላይ እናንተን ማመስገን አለብኝ። ውድድሩ ሁልጊዜ ነሐሴ ውስጥ በቅዳሜ ነው፤ ፍልሰታ ላይ ይውላል። እንዴት እንደማደርግ ግራ ገብቶኝ ነበር። የንስሐ አባቴን አማከርኩ። የመብያ ሰዓቱን ለዚያ ቀን ፈቀዱልኝ፤ ምግቡን ግን የጾም አደረግሁት። ባለቤቴ በሶውን በውሃ ለውሳ፣ ጨውና ትንሽ ስኳር ጨምራ፣ እንደ ሎሚ ድቡልቡል ጭብጦ ሠራችልኝ። አንድ በአንድ ጠቀለለችው። በየ45 ደቂቃው አንድ እበላለሁ። ሆዴ አንዴም አላስቸገረኝም። ያገራችን መንገደኛ ቀኑን ሙሉ የሚሄድበት ስንቅ ነው፤ እኔ ግን በከረጢት የሚሸጥ ነገር ስፈልግ አንድ ዓመት አባከንኩ።

ከሁሉ በላይ የሚከብደው ፓወርላይን የሚባለው ዳገት ነው። የኤሌክትሪክ ምሰሶ እየተከተለ ይወጣል። ጠዋት ቁልቁል ወርደኸዋል፤ ከሰዓት 125 ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ ሽቅብ ይጠብቅሃል። አብዛኛው ሰው ወርዶ ይገፋል። እኔም ገፋሁ። ጫማዬ በአሸዋው ላይ ይንሸራተታል፤ ጫፉ ላይ ደረስኩ ስል ሌላ ጫፍ አለ። አጠገቤ 60 ዓመት የሚሆናት ሴት ብስክሌቷን ትገፋለች። አንድ ጭብጦ ሰጠኋት። ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። በላች፤ አብረን ወጣን።

ትዊን ሌክስ ላይ ያየሁትን ግን መቼም አልረሳውም። ከመዞሪያው በፊትና በኋላ የምታልፍበት ሐይቅ ዳር ነው፤ ሰዉ በግራና በቀኝ ድንኳን ተክሎ ይቆማል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል የልጄን ድምፅ ሰማሁ። «አባ! አባ! በርታ!» ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቼና ጎረቤታችን ቆመዋል። ጎረቤታችን ነጠላዋን እያውለበለበች እልል ትላለች። አጠገባቸው የነበሩት የማያውቋቸው ሰዎችም እልልታውን ሊከተሏት ሞከሩ። ቆሜ ውሃ ሞላሁ፤ ካቴናውን ልጄ በጨርቅ ጠረገልኝ። አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። የቀረውን 64 ኪሎ ሜትር የነዳሁት በዚያች አራት ደቂቃ ነው።

11 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ፈጀብኝ። ዘለበቱ ይኸው፤ ልጆች እየተቀባበላችሁ እዩት።

አንድ ነገር ለወጣቶቹ። እኛ በሩጫ ነው የምንታወቀው፤ እውነት ነው። ግን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልበርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። እነ ገረመው ደንቦባ። በ2016 ደግሞ የማይጨው ልጅ ፅጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ብስክሌት የፈረንጅ ነው ለሚላችሁ ሰው ይህን ንገሩት።

አሁን ወደ ልመናዬ። በየቅዳሜው ማለዳ ወደ ተራራው የምንወጣ አራት ሰዎች ነን። ሦስት ትርፍ ብስክሌት አለን፤ አንዱ ለልጅ ቁመት ይሆናል። የራስ ቁር ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ይንገረን፤ እናፈላልጋለን። ያለ ቁር ግን አንወስድም። መንዳት የማትፈልጉም አላችሁ፤ እናንተም ታስፈልጉናላችሁ። የሚመጣው ነሐሴ ትዊን ሌክስ ላይ ድንኳን እንተክላለን። በሶ የሚለውስ፣ ሻይ የሚያፈላ፣ እልል የሚል ሰው እንፈልጋለን። ጀበና ይዛ የምትመጣ እናት ካለች መጓጓዣው በእኔ ነው።

ደብተሩ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስትወጡ ስማችሁን ጻፉልኝ። አመሰግናለሁ።