«ምርመራው አላለቀም»

ክቡራን ዳኞችና ዐቃቤያነ ሕግ፣ የረጅም ዘመን የሙያ ባልደረቦቼ፣ በተለይም ዛሬ የጥብቅና ፈቃዳችሁን የተቀበላችሁ ወጣት ጠበቆች፤

እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ። አዘጋጆቹ የጠየቁኝ በወንጀል የተጠረጠሩና የተከሰሱ ሰዎች ስላሏቸው መብቶች ጠቅለል ያለ ንግግር እንዳደርግ ነበር። ጽፌም ነበር፤ ነገር ግን ትናንት ማታ ደግሜ ሳነበው እናንተ ለፈተና ያጠናችሁትን መልሼ ላነብላችሁ እንደሆነ ተሰማኝ። ስለዚህ አብዛኛውን ትቼ በአንድ ነገር ላይ ለመቆየት ወስኛለሁ፤ እርሱም የጊዜ ቀጠሮ ነው፤ ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ የተያዘው ሰው በእስር እንዲቆይ ፍርድ ቤት የሚፈቅደው ጊዜ ማለት ነው።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19 በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፤ ዝም የማለት መብት አለው፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ተገድዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ አይሆንበትም፤ በዋስ የመፈታት መብት አለው። ይህ ሁሉ በ1987 ዓ.ም. ከሰማይ የወረደ አይደለም። 48 ሰዓት የሚለው ገደብ በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ውስጥም ነበረ፤ ያውም ፍርድ ቤት ለመድረስ በእግር ቀናት በሚኬድበት ዘመን።

ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ፣ አባቶቻችን ከሳሽንና ተከሳሽን ልብስ ለልብስ አቆራኝተው ዳኛ ዘንድ ይሰድዱ እንደነበር ከታላላቆቻችን ሰምተናል። ስለ ቁራኛ ባሰብኩ ቁጥር የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ከሳሹም አብሮ ታስሯል። የእርሱም እርሻ ጾም ያድራል፣ የእርሱም እግር ይደክማል፤ ስለዚህ ነገሩ ቶሎ እንዲቋጭ ሁለቱም እኩል ይቸኩላሉ። ዛሬ የሚታሰረው አንደኛው ብቻ ነው፤ የሚቸኩለውም አንደኛው ብቻ ሆኗል።

ከዓመታት በፊት አንድ ማለዳ ቢሮዬ ስደርስ አንዲት እናት ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከገጠር ከመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። በፎጣ የተጠቀለለ ምሳ ዕቃ ይዘዋል። ልጃቸው በአንድ የሕንጻ ግንባታ ቦታ የሌሊት ጥበቃ ነበር፤ ከግቢው ፌሮ ጎደለ ተባለና ተያዘ። ዕቃ ሲጠፋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያዘው ጥበቃው መሆኑን እዚህ ያለን ሁሉ እናውቃለን። አብሬያቸው ወደ ጣቢያው ሄድኩ። በሩ ላይ የቆመው ወጣት ፖሊስ እንደ ደንቡ «ይቅመሱት» አላቸው። ምሳ ዕቃውን ከፍተው፣ ሌሊት ተነስተው ለልጃቸው ከሠሩት ሽሮ በእንጀራ ቆርሰው ጎረሱ፤ ካላመጡ በኋላም ቀስ ብለው፣ «እኔ ልጄን ልመርዝ?» አሉ። ወጣቱ ፖሊስ አልመለሰላቸውም፤ አንገቱን ደፋ። በእርሱ አልፈርድም።

ልጃቸው ፍርድ ቤት የቀረበው በጊዜው ነበር፤ የ48 ሰዓቱ ግዴታ ተፈጽሟል። መርማሪው የምስክሮችን ቃል ለመቀበል፣ ግብረ አበሮችን ለመያዝና የንብረቱን ግምት ለማስመጣት 14 ቀን ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። በሁለተኛው ቀጠሮ የምስክሮችን ቃል ለመቀበል፣ ግብረ አበሮችን ለመያዝና የንብረቱን ግምት ለማስመጣት 14 ቀን ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። በሦስተኛው ቀጠሮ የቀረበው ማመልከቻ ከሁለተኛው የሚለየው በቀኑ ብቻ ነበር። ተነስቼ፣ ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ስንት ምስክር እንደተሰማ መርማሪው ይግለጽልን አልኩ። መርማሪው «ምርመራው በሂደት ላይ ነው» ሲል መለሰ። ጠረጴዛቸው በመዝገብ የተከመረው ዳኛ ሌላ ምንም ሳይጠይቁ፣ ምርመራው ስላላለቀ ብለው ፈቀዱ። እናትየው ከኋላ ወንበር ሆነው የዳኛው ድምፅ ስላልተሰማቸው ኮሪደሩ ላይ እጄን ይዘው «ምን አሉ ልጄ?» ይሉኝ ነበር፤ እኔም በየጊዜው የምመልሰው ያንኑ ቃል ነበር። አራት ጊዜ፤ 56 ቀን።

በ51ኛው ቀን አንድ ሰው ወደ ግንባታው ቦታ ተላከና የንብረት ክፍሉን የወጪ ደረሰኝ አየ። ፌሮው አልተሰረቀም። የዚያው ሥራ ተቋራጭ ወደ ሌላ የግንባታ ቦታ አዛውሮት ነበር፤ ደረሰኙ ላይ የንብረት ኃላፊው ፈርሟል። ከጣቢያው እስከዚያ ግቢ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ሃያ ደቂቃ! ይህችን መንገድ ለመሄድ 51 ቀን የፈጀው መንገዱ ርቆ አይደለም፤ የታሰረው ሰው ታስሮ ስለቆየ የሚያስቸኩል ሰው ስላልነበረ ነው።

ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ዘጋ። ወጣቱ ከመሸ በኋላ ቀበቶውንና የጫማ ክሩን በፌስታል ይዞ ወጣ። ሥራው በሌላ ሰው ተይዟል፤ የተከራያት ክፍልም ለሌላ ተከራይታለች። «ጋሼ፣ ሌባ አይደለም የሚል ወረቀት ይሰጡኛል? ለአገር ቤት ሰው የማሳየው» አለኝ። እንዲህ ያለ ወረቀት እንደሌለ ስነግረው ያየሁትን ፊቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ወገኖቼ፤ ይህን ያደረገው ሕጉ ነው እንዳትሉኝ። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራንበት የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 59፣ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድም ይላል። ስንት ጊዜ የሚለውን አልተናገረም፤ በዚያች ዝምታ በኩል ነው ስንፍና የገባው። ሕገ መንግሥቱ ግን ዝም አላለም። ፍርድ ቤቱ የሚፈቅደው ጊዜ ለምርመራው በጥብቅ ከሚያስፈልገው እንዳያልፍ፣ ተጨማሪ ጊዜ ሲሰጥም የተያዘው ሰው በተፋጠነ ፍርድ የመዳኘት መብቱ መከበሩን እንዲያረጋግጥ ያዝዛል። «ምርመራው አላለቀም» የሚለው መልስ ይህን ማረጋገጥ አይደለም! ለምን አላለቀም ተብሎ ባልተጠየቀበት ቀጠሮ የተያዘው ሰው ፍርድ ቤት ቀረበ ሊባል አይገባም! አጣርቶ መያዝ ሲገባ ይዞ ማጣራት፣ ከዚያም ይዞ አለማጣራት፣ ሌባው እስኪወጣ አገሬውን ሰብስቦ ያስቀምጥ ከነበረው ከአውጫጭኝ በምን ይሻላል? አውጫጭኝ ቢያንስ መንደሩን በሙሉ ያጉላላ ስለነበር መንደሩን ሁሉ ያሳስበው ነበር።

መርማሪዎች የሥራ ጫና እንዳለባቸው አውቃለሁ። ተበዳይም መብት አለው፤ ነገር ግን ያላጠፋ ሰው ታስሮ በቆየ ቁጥር እውነተኛው በዳይ እንደሚርቅ ለተበዳዩም ልንነግረው ይገባል።

ለወንጀለኛ ይህ ሁሉ ለምን የሚል ሰው ይገጥማችኋል፤ በቤተሰባችሁም ጭምር። ለእርሱ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ሰዎች ያለ ፍርድ የተረሸኑበትን ሌሊት አስታውሱት። ያንን የፈጸሙት የደርግ ባለሥልጣናት ደግሞ በ1987 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ጠበቃ መቅጠር ላልቻሉት መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ አቆመላቸው፤ እነርሱ ለሌላው የነፈጉትን እነርሱ አገኙ። የጥፋተኝነት ፍርዱ እስከ ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. መጓተቱ የሚያሳዝን ቢሆንም፣ በእኔ እምነት የዚህች አገር ፍትሕ ራሱን ቀና ካደረገባቸው ቀናት አንዱ ያ ጠበቃ የቆመበት ቀን ነው።

ስለ አስተርጓሚ፣ ተጠርጣሪን ፍርድ ሳይሰጥበት በቴሌቪዥን ስለማቅረብ፣ የመጀመሪያው ቃል ሲሰጥ ጠበቃ አጠገቡ ስለ መኖሩ ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ጊዜዬ አልቋል፤ በሻይ ሰዓት እንነጋገርበታለን።

አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ። በጊዜ ቀጠሮ ስትቆሙ የምርመራ መዝገቡ ቀርቦ ከባለፈው ቀጠሮ ወዲህ የተሠራው ሥራ በቀን በቀኑ እንዲገለጽ ጠይቁ። ፍርድ ቤቱ ቢያልፈውም እንኳ ጥያቄያችሁ በመዝገብ ላይ መስፈሩን ሳታረጋግጡ አትቀመጡ። እኔ በዚያ በሁለተኛው ቀጠሮ አልጠየቅኩም፤ የጠየቅኩት በሦስተኛው ነው። በመካከላቸው የነበሩት 14 ቀናት የእኔም ዕዳ ናቸው።

አመሰግናለሁ።