ቁጠባው የሚጀምረው አሮጌው መስመር ሲጠፋ ነው

(ምስል፦ በመንገድ ዳር የቆመ፣ ቀለሙ የለቀቀ የስልክ ሳጥን ሲከፈት)

ይህ ሳጥን ሲከፈት በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥንድ ጥንድ የመዳብ ሽቦዎች ይታያሉ። እያንዳንዱ ጥንድ በአንድ ወገን እስከ አንድ ቤት ወይም ሱቅ ይዘልቃል፤ በሌላው ወገን ከመሬት በታች በተቀበረ ወፍራም ኬብል ውስጥ አልፎ የስልክ ማዞሪያ ጣቢያው ድረስ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ በኬብሉ መገጣጠሚያ በኩል ውሃ ይሰርጋል፣ ሽቦው አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፣ ደንበኛውም ስልኩን ሲያነሣ ጭርርታ ይሰማል። ቴክኒሻኑ ጥንዱን ከጥንድ ለይቶ፣ የተበላሸውን ቆርጦ እንደገና ይቀጥላል። በሚቀጥለው ክረምት ያው ሥራ ይጠብቀዋል።

የቆየ የቴሌኮም ኔትወርክን ስለ ማዘመን ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለሚተከለው አዲስ መሣሪያና ስለሚጨምረው ፍጥነት ነው። ስለሚነቀለው የሚናገር ጥቂት ነው። ወጪው የሚቀንሰው ግን አሮጌው በጠፋበት ቀን ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን እስከሠሩ ድረስ ኩባንያው ሁለት ጊዜ የመብራት ሂሳብ ይከፍላል፣ ሁለት ዓይነት መለዋወጫ በመጋዘን ያስቀምጣል፣ አምራቹ መሥራት ያቆመውን መሣሪያ የሚያውቁ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ባለሙያዎችንም ይዞ ለመቆየት ይገደዳል። አዲስ ቀበሌ ሊደርስበት የሚችል ገንዘብ በዚህ መንገድ ያረጀውን ሲጠግን ያልቃል።

(ምስል፦ የስፔን ካርታ፤ በላዩ ላይ የነበሩ ነጥቦች አንድ በአንድ ሲጠፉ)

ይህን ሥራ እስከ መጨረሻው ከገፉት አገሮች አንዷ ስፔን ናት። ቴሌፎኒካ የተባለው የአገሪቱ ትልቅ የቴሌኮም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2025 የመጨረሻዎቹን የመዳብ ማዞሪያ ጣቢያዎች ዘግቷል፤ በአሥር ዓመት ገደማ የተዘጉት ጣቢያዎች በጠቅላላው ከ8,500 ይበልጣሉ። ይህን ያህል ጣቢያ ተዘግቶ አገልግሎቱ እንዴት ሊቀጥል ቻለ?

መልሱ ርቀት ነው። ድምፅና ዳታ በመዳብ ሽቦ ሲጓዙ እየደከሙ ይሄዳሉ፤ ኤዲኤስኤል የሚባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ደንበኛው ከጣቢያው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ከራቀ እምብዛም አይረባም። ስለዚህ ጣቢያዎች በየሰፈሩ መሠራት ነበረባቸው፤ እያንዳንዳቸውም ሕንፃ፣ ጥበቃ፣ የባትሪ ክፍልና ማቀዝቀዣ ይፈልጉ ነበር። መዳቡን በተካው ፋይበር፣ ማለትም በቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ የሚጓዘው ብርሃን ግን በመሃል ምንም ማጉያ ሳያስፈልገው እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አንዱን የብርሃን መስመር ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች የሚያካፍለው ስፕሊተር የሚባል ትንሽ ዕቃም መብራት የሚባል ነገር አይፈልግም፤ ውሃ ቢነካው እንኳ የሚዝግ መዳብ የለውም። ኩባንያው ራሱ እንደሚገልጸው ፋይበር ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር የኃይል ፍጆታን በ85 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከመሬት የተነቀለው መዳብም ተሸጦ ለሥራው የወጣውን ገንዘብ በከፊል ይመልሳል።

እዚህ ላይ ሊዘለል የማይገባው ጉዳይ አለ። የድሮው የመስመር ስልክ የሚሠራበትን ኃይል የሚያገኘው ከማዞሪያ ጣቢያው ባትሪዎች፣ በዚያው በመዳቡ ሽቦ በኩል ነበር። በሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ስልኩ ይሠራ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ብርሃን የሚያስተላልፈው ፋይበር ኤሌክትሪክ ይዞ አይመጣም፤ መብራት ሲሄድ ቤት ውስጥ ያለው ሞደም ይጠፋል፣ ስልኩም አብሮ ይጠፋል። በብሪታንያ አረጋውያን ሲወድቁ የሚጫኗቸው የአደጋ ጥሪ መሣሪያዎች በለውጡ ሳቢያ ሳይሠሩ በመቅረታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ማብቂያ ላይ ደንበኞችን ያለ ፈቃዳቸው ማዛወር እንዲቆም ተደርጓል፤ በ2025 ማብቂያ ሊጠናቀቅ የነበረው ሥራም ወደ ጥር 2027 ተገፍቷል። መብራት በተደጋጋሚ በሚቆራረጥበት አገር ደግሞ ይህ ጉዳይ ከሁሉ በፊት ሊታሰብበት ይገባል፤ ለሞደሙ የሚሆን ትንሽ ባትሪ አብሮ ካልተሰጠ፣ ደንበኛው ዘመናዊ አገልግሎት ተሰጠው ተብሎ የነበረውን ያጣል።

(ምስል፦ በኮረብታ ላይ የቆመ የሞባይል ማማ፤ ከሥሩ አራት ካቢኔቶችና አንድ ጄኔሬተር)

በሞባይል በኩልም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በኢትዮጵያ የሞባይል አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. ተጀመረ፤ 4ጂ የሚባለው አራተኛው ትውልድ በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ 5ጂ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በሙከራ ደረጃ ተከፈተ። አዲስ ትውልድ በመጣ ቁጥር የቀድሞው ስለማይወርድ፣ በዓለም ዙሪያ ማማዎች በላያቸው ላይ የተደራረበ ዘመን ተሸክመው ቆመዋል። የብሪታንያው ቢቲ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 3ጂን ሲያጠፋ እንዳስታወቀው፣ ያ አገልግሎት ከጠቅላላው ዳታ 1 በመቶ እንኳ ሳያስተላልፍ ከኔትወርኩ ኃይል 35 በመቶውን ይወስድ ነበር።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው ከ2ጂ በኋላ የመጣው 3ጂ ለምን ቀድሞ እንደሚጠፋ ነው። አንድ የ3ጂ መስመር 5 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው ፍሪኩዌንሲ (የሬዲዮ ሞገድ ቦታ) ይይዛል፤ አንድ የ2ጂ መስመር ግን የሚበቃው 200 ኪሎኸርዝ ነው፤ ማለትም የዚያ ሃያ አምስተኛ። 3ጂ ሲጠፋ የሚለቀቀው ሰፊ ፍሪኩዌንሲ ለ4ጂ ይሰጥና በዚያው ማማ፣ በዚያው ሞገድ ብዙ እጥፍ ዳታ ያልፋል። 2ጂን ግን በቀጭን ቁራጭ ላይ አኑሮ ማቆየት ይቻላል። ቀድሞ ለየራሳቸው ካቢኔት ይፈልጉ የነበሩትን 2ጂንና 4ጂን በአንድ መሣሪያ የሚያሠሩ ዘመናዊ ካቢኔቶች መኖራቸው ደግሞ ይህን ርካሽ አድርጎታል።

ያቺ ቀጭን ቁራጭ የምትይዘው ቀላል ነገር አይደለም። በገበያ ቀን ጤፏን ሸጣ ብር የምትቀበል እናት በእጇ ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። *127# ትደውላለች፤ የቴሌብር ዝርዝር ይመጣል፤ ቁጥር መርጣ የሚስጥር ቁጥሯን ታስገባለች፤ ገንዘቡ መግባቱን የሚገልጽ አጭር መልእክት ይደርሳታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ያለ ኢንተርኔት ነው። በእኔ እምነት፣ በየማማው ሥር ስንት እንዲህ ያለ ስልክ እንደሚሠራ ሳይቆጠር አንድም አሮጌ አገልግሎት ሊጠፋ አይገባም፤ ቆጠራውም ከባድ አይደለም፣ ማማው በየቀኑ ምን ዓይነት ስልክ እንዳገናኘ ይመዘግባልና። 4ጂ ስልክ ይዘው በ4ጂ ላይ መደወል የማይችሉትም አብረው ሊቆጠሩ ይገባል፤ እነርሱ ጥሪ ሲመጣላቸው ወደ አሮጌው ኔትወርክ ይወርዳሉ።

የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ኮረብታ ላይ ቁጠባው ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። እዚያ ማማው የሚሠራው በናፍጣ ነው፤ ናፍጣው ደግሞ በክረምት ጭቃ በሚሆን መንገድ ተጭኖ ይወጣል፣ ጄኔሬተሩ ሲበላሽም ጠጋኙ በዚያው መንገድ ይሄዳል። ጄኔሬተሩን በሶላር መተካት የሚያዋጣው መሣሪያዎቹ የሚፈልጉት ኃይል አስቀድሞ ሲቀንስ ነው፤ ምክንያቱም ሌሊቱን የሚያደርሰው የባትሪ ብዛትና የፓነሉ ስፋት የሚለካው በዚያ ኃይል መጠን ነው። የ3ጂ ካቢኔት ተነቅሎ ሳለ ሶላሩን የሚገዛ ድርጅት ያነሰ ባትሪ ይገዛል፤ ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ግን ነገ ለሚጠፋ መሣሪያ ዛሬ ባትሪ ይገዛል።

(ምስል፦ ያው ማማ፤ ከሥሩ አንድ ካቢኔትና የሶላር ፓነሎች)

በዚህ ማማ ላይ አሁን የቀረው አንድ ካቢኔት ነው። ከኮረብታው በታች ያለው ትምህርት ቤት 4ጂ ይጠቀማል፤ በገበያው ያለችው እናት *127# ስትደውልም መልሱ የሚመጣላት ከዚሁ ካቢኔት ነው።