ጫማው እስኪራገጥ ድረስ

ክቡራትና ክቡራን፣ ለልጆች መማሪያ ሶፍትዌር የምትሠሩ የሙያ ጓደኞቼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ዛሬ የማወጋችሁ የልጆች መማሪያ ሶፍትዌር ይሠራ ስለነበረ አንድ የአሜሪካ ድርጅት ነው። ስሙ "ዘ ለርኒንግ ካምፓኒ" ይባላል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለምጠራ እንዳትደናገሩ።

ድርጅቱ የተመሠረተው በ1980 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። መሥራቿ አን ማኮርሚክ የትምህርት ሰው ነበሩ። አብረዋቸው ከተነሱት መካከል በሒሳብ ትምህርት ላይ ሲሠሩ የኖሩት ቴሪ ፐርል፣ ፕሮግራም የምትጽፈው ሌስሊ ግሪምና ከቪዲዮ ጨዋታ አምራቹ ከአታሪ የወጣው ዋረን ሮቢኔት ይገኙበታል።

ስለ ሮቢኔት ትንሽ ልበል። አታሪ በዚያን ጊዜ ጨዋታ የሠራውን ሰው ስም በምርቱ ላይ አይጽፍም ነበር። ሮቢኔት ታዲያ "አድቬንቸር" በተባለው ጨዋታው ውስጥ ምስጢራዊ ክፍል ሠርቶ ስሙን እዚያ ደበቀ። ክፍሉ የሚገኘው ከወለሉ ቀለም የማትለይ አንዲት ነጥብ ፈልጎ ላነሳ ሰው ብቻ ነው። አለቆቹ ነገሩን የሰሙት እሱ ሥራውን ለቆ ከሄደ በኋላ ነው። እልኸኛ ሰው መሆኑን ከዚህ ትረዳላችሁ።

ይህ ሰው ከግሪም ጋር ሆኖ በ1982 "ሮኪስ ቡትስ"ን ሠራ። በአፕል ቱ ኮምፒውተር ላይ የሚከፈት ጨዋታ ነው። የተለያየ ቅርጽና ቀለም ያላቸው ምስሎች ተራ በተራ ይመጣሉ፤ ነጥብ የሚያስገኙ አሉ፣ ነጥብ የሚያስቀንሱም አሉ። ልጁ "እና"፣ "ወይም" እና "አይደለም" የሚባሉትን የሎጂክ ጌቶች፣ ማለትም ምልክትን እንደ ሁኔታው የሚያሳልፉ ወይም የሚያግዱ በሮች፣ እያገጣጠመ ማሽን ይሠራል። የማሽኑ ጫፍ ላይ አንድ ቡት ጫማ አለ። ምልክቱ እስከ ጫማው ከደረሰ ጫማው ምስሉን ይራገጣል። ምልክቱ በየመስመሩ ሲያልፍ በብርቱካናማ ቀለም ይታያል፤ ስለዚህ ጫማው የማይገባውን ሲመታ ልጁ ቀለሙን ወደ ኋላ ተከትሎ የሳተበትን መጋጠሚያ ራሱ ያገኘዋል። ማብራሪያ የሚያነብለት፣ "ተሳስተሃል" ብሎ የሚቆጣው የለም። እኔ እስካሁን ከዚህ የተሻለ አስተማሪ ስክሪን ላይ አላየሁም። ሌሎቻችሁ ልትከራከሩኝ ትችላላችሁ።

በገበያ የታወቀላቸው ግን ንባብ የሚያለማምደው ጥንቸል፣ "ሪደር ራቢት" ነው። እሱም የግሪም እጅ ሥራ ነው።

ከዚያ ገንዘቡ መጣ። በ1995 ርካሽ ሲዲዎችን በመሸጥ የሚታወቀው ሶፍትኪ ድርጅቱን በ606 ሚሊዮን ዶላር ገዛና ስሙን ለራሱ ወሰደው። በዓመቱ "ኦሪገን ትሬይል" የተባለውን ጨዋታ ያሳተመውን የሚኒሶታውን ሜክ ጠቀለለ፤ በ1998 ደግሞ ሌላውን የሶፍትዌር ድርጅት ብሮደርበንድን ጨመረ። ዘዴው ግልጽ ነበር፦ ግዛ፣ ሠራተኛ ቀንስ፣ ዋጋ አውርድ። ወላጅ በጥቂት ዶላር ሲዲ ማግኘት ሲለምድ፣ አንድን ጨዋታ ለብዙ ወራት ሲፈትን የሚከርም ቡድን ደመወዙ ከየት ይመጣል? እኔ የውድቀቱን መጀመሪያ የማየው እዚህ ላይ ነው፤ የጋዜጦቹ ጩኸት የመጣው ኋላ ነው።

በ1999 የባርቢ አሻንጉሊት አምራቹ ማቴል ይህን ሁሉ ክምር 3.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ ወሰደው። በዚያው ዓመት ሦስተኛ ሩብ ትርፍ ሲጠበቅ ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ተመዘገበ። ዋና ሥራ አስፈጻሚዋ ጂል ባራድ በየካቲት 2000 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በዚያው ዓመት ማቴል ድርጅቱን በእጁ አንድም ዶላር ሳይቀበል ለሌላ አስረከበ፤ የተሰጠው ተስፋ ወደፊት ትርፍ ከተገኘ መካፈል ብቻ ነበር።

የሻይ ዕረፍታችን ደርሷል። ከአዳራሹ በስተኋላ ባለው ኮምፒውተር ላይ "ሮኪስ ቡትስ"ን ከፍተን አስቀምጠንላችኋል። መመሪያ አላኖርንበትም። ጫማው እስኪራገጥ ድረስ ከወንበሩ አትነሱ።

አመሰግናለሁ።